ከድልድዩ እስከ ማዕድ ቤቱ፦ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን የሚተርክ ማንጋ እንዴት ይነበባል?

የመጀመሪያውን ማንጋ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕልና ንግግር የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ፣ ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ተውሼ የገባሁ ዕለት፣ እንደለመድኩት በግራ በኩል ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። ሰዎቹ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ፤ ሳይሰደቡ ይቆጣሉ። "ጃፓኖች እንዴት ቢራቀቁ ነው!" አልኩ ለራሴ። መጽሐፉን ከጭራው ወደ ራሱ እያነበብኩ መሆኔ የገባኝ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነው። እስራኤል ያደገች ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። ለእሷ መጽሐፍ ከቀኝ መገለጡ ብርቅ አይደለም፤ ዕብራይስጥም የሚነበበው እንደዚያው ነው።

ገጹን ማስተካከል ቀላል ነበር። ያ መጽሐፍ ፍቅር የያዛቸው ሁለት ወንዶች ታሪክ ነው። ከእሱ በኋላ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ብዙ አነበብኩ፤ የማታ ፈረቃ ያለው ሰው ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ሲለው የሚያነበው አያጣም። ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ ደግሞ ሁሌ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ "ለማን ነው የሚጻፈው? ለእነሱ ነው?" "እነሱ" የሚሉት የራሳቸውን ፆታ የሚያፈቅሩትን ነው። መልሱ "አዎ" ወይም "አይደለም" ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት ትንሽ ልበል። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ለመጻፍ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ቃል ነው። ያሉን ቃላት ወይ ከወንጀል ሕግ፣ ወይ ከስብከት፣ ወይ ከስድብ የመጡ ናቸው፤ ለፍቅር ወግ የሚሆን የለባቸውም። አገር ቤት ነገሩ በሕግ የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ለስለስ ያለ ቃል የሚፈጥርለት ሰው እስካሁን እምብዛም አልተገኘም። እኔ "የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር" እላለሁ፤ ለማንጋው ዓይነቶች ደግሞ ጃፓኖቹ ያወጡትን ስም እጠቀማለሁ። የጃፓኖችን ስም እንደ እነሱ የቤተሰቡን አስቀድሜ ነው የምጽፈው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሔቱን ሳያዩ ታሪኩን አይፍረዱ

ማንጋ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጽሔት ነው። እንደ ድሮ የስልክ ማውጫ የወፈረ፣ በርካሽ ወረቀት የታተመ መጽሔት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይወጣል፤ ውስጡም የብዙ ደራስያን ሥራ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ይቀርባል። አንባቢ የወደደውን በፖስታ ካርድ ያሳውቃል። ፈላጊ ያጣ ታሪክ በመሐል ይቋረጣል፤ የተወደደው ክፍሎቹ ተሰብስበው ለብቻው ቅጽ ይሆናል። እኛ መደርደሪያ ላይ የምናገኘው ይህን ከወንፊቱ የተረፈውን ነው።

መጽሔቶቹ ደግሞ የሚለዩት በሚተርኩት ጉዳይ ሳይሆን በታሰበላቸው አንባቢ ነው። ሾነን የወንድ ልጆች፣ ሾጆ የሴት ልጆች፣ ሴይነን የአዋቂ ወንዶች፣ ጆሴይ የአዋቂ ሴቶች ነው። ስለዚህ "ሾጆ" የታሪክ ዓይነት ስም አይደለም፤ የገዢው ስም ነው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በእነዚህ ሁሉ በሮች ገብቷል፤ በየትኛው በር እንደገባ ካላወቁ ግን የሚያነቡት ነገር ግራ ያጋባዎታል። "ለማን ነው?" የሚለው ጥያቄም መልሱ ያለው እዚያው በሩ ላይ ነው።

ልጃገረዶች ለምን ወንዶችን ሳሉ?

እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለልጃገረዶች ማንጋ ከሚስሉት ብዙዎቹ ወንዶች ነበሩ። ቀጥሎ በሃያዎቹ መግቢያ ላይ ያሉ ሴቶች ገቡ። አብዛኞቹ በ1949 አካባቢ፣ ማለትም በሾዋ 24ኛው ዓመት የተወለዱ በመሆናቸው "የ24 ዓመቱ ቡድን" ተባሉ። (ሾዋ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን ስም ነው፤ ከእኛ ሸዋ ጋር ዝምድና የለውም።) ከእነሱ ሁለቱ፣ ሃጊዮ ሞቶ እና ታኬሚያ ኬይኮ፣ ከ1970 ጀምሮ ቶኪዮ ኔሪማ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖሩ ነበር። ሌሎች ወጣት ሠዓሊዎችም እየመጡ ያድሩበት ነበር።

ሃጊዮ በአንድ የጀርመን አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚካሄድ አጭር ታሪክ ሲያስቡ፣ መጀመሪያ በሴቶች ትምህርት ቤትም በወንዶች ትምህርት ቤትም ሞክረውት ነበር። የሴቶቹ አልፈሰሰላቸውም። የወንዶቹ ግን እንደ ልብ ሆነላቸው፤ በ1971 ወጣ። ይህ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በዚያ ዘመን የልጃገረድ ገጸ ባሕርይ እጣዋ የታወቀ ነው፤ ታፍራለች፣ ታለቅሳለች፣ ትዳራለች። እንዲህ ብታደርግስ ማለት ሲጀመር "ሴት ልጅ እንዲህ አታደርግም" የሚል ድምፅ ከሠዓሊዋም ጭንቅላት ውስጥ ይነሳል። ወንድ ልጅን ስትስል ግን ያ ድምፅ ዝም ይላል። ወንዱ ለአንባቢዋ እንደ ካባ ነው፤ ደርባው ታፈቅራለች፣ ትቆጣለች፣ ታምፃለች። አውሮፓም ሁለተኛ ካባ ነው። ቦታው ጃፓን አይደለም፣ ገጸ ባሕርዩም ሴት አይደለም፣ ስለዚህ ማንም "አንቺን ነው" አይላትም።

በ1974 ሃጊዮ "የቶማስ ልብ" የሚባለውን ረጅም ሥራ ጀመሩ። ታሪኩ በበረዶ ይከፈታል። ቶማስ የተባለ ተማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ከድልድይ ወድቆ ይሞታል፤ ከሞተ በኋላ ዩሊ ለተባለው ተማሪ የጻፈው ደብዳቤ ይደርሳል። ሁሉም አደጋ ነው ይላል፤ ዩሊ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። ወዲያው ቁርጥ ቶማስን የሚመስል ኤሪክ የሚባል ግልፍተኛ ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣል። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ስለ መሳሳም ሳይሆን፣ "እኔ ልወደድ አይገባኝም" ብሎ ራሱን የዘጋ ልጅ እንዴት ይከፈታል በሚለው ላይ ያተኩራል። ገድል እየሰማን ላደግን ሰዎች የቶማስ ሞት ከፍቅር ይልቅ ወደ መሥዋዕት መጠጋቱ ወዲያው ይታየናል። የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ግን በአንባቢዎች ድምፅ መጨረሻ ሆነ፤ አዘጋጆቹ ሊያቋርጡት ፈልገው ነበር። ሃጊዮ ትንሽ ታገሡኝ እያሉ አስቀጠሉት። ዛሬ ክላሲክ ነው።

ታኬሚያ በበኩላቸው "የነፋስና የዛፎች መዝሙር" የተባለውን ሥራቸውን ለማሳተም ሰባት ዓመት ያህል ተከራክረዋል። እምቢ ያሏቸውን አዘጋጆች ለማሳመን መጀመሪያ በግብፅ ፈርዖኖች ዘመን የተቀመጠ ተወዳጅ ተከታታይ ሠሩ፤ ስማቸው ሲገንን በ1976 ያንን አወጡ። በታሪክ ውስጥ ቦታው ትልቅ ነው። እኔ ግን ለማንም አልመክርም፤ በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ሞልቶበታል፣ ሥዕሉ ሲያምር ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ የ1970ዎቹ የወንዶች ፍቅር ለማን ተጻፈ? ለልጃገረዶች። ስለ ማንስ ነው? በአብዛኛው ስለ ልጃገረዶቹ ራሳቸው። ወንድን የሚያፈቅር አንድ እውነተኛ ወንድ ያንን መጽሐፍ ገልጦ ራሱን ቢፈልግ ላያገኝ ይችላል።

ቀልድ የነበረው ስም

በ1978 ለዚህ ዓይነት ታሪክ ብቻ የቆመ ጁን የተባለ መጽሔት ወጣ። በዚያው ሰሞን አማተሮች በራሳቸው ወጪ እያተሙ፣ ከ1975 መጨረሻ ጀምሮ በሚካሄደው ኮሚኬት በተባለው ገበያ ይሸጡ ነበር። በ1979 ከእነዚህ አንዱ በራሱ ሲቀልድ ሥራውን "ያኦይ" አለው። ቃሉ የሦስት ሐረጎች ምህጻር ነው፦ ልብ ማንጠልጠያ የለው፣ መቋጫ የለው፣ ትርጉም የለው። ቀልዱ የዘውግ ስም ሆኖ ቀረ። በ1990ዎቹ አሳታሚዎች ገበያውን ሲያዩ "ቦይስ ላቭ"፣ ባጭሩ ቢኤል የሚለውን አመጡ።

ገበያው ሲሰፋ ቀመርም አብሮ መጣ። ረጅሙና ቆፍጣናው "ሴሜ"፣ አጭሩና ዓይነ አፋሩ "ኡኬ" ይባላሉ፤ ቃላቱ ከትግል ስፖርት የተወሰዱ ናቸው፣ አጥቂና ተቀባይ እንደማለት። በዚያ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ንግግር አለ፦ እኔ ወንድ የምወድ አይደለሁም፣ የምወደው አንተን ብቻ ነው። ጣፋጭ ይመስላል። ቆም ብለው ሲያስቡት ግን በመሐሉ ስድብ አለ፤ "እንደ እነዚያ አይደለሁም" ማለት ነውና።

በ1992 ሳቶ ማሳኪ የተባሉ የጌይ፣ ማለትም ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶች፣ መብት ተሟጋች ይህን በግልጽ ጻፉ። በአንዲት አነስተኛ የሴቶች መብት ጽሑፍ ላይ፣ እናንተ ሴቶች እንደ አሻንጉሊት ትጫወቱብናላችሁ፣ በመገለላችን ግን ግድ የላችሁም የሚል ክስ አቀረቡ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። አንዳንድ ሴቶች "የሳልነው እናንተን አይደለም፣ የራሳችንን ሕልም ነው" ብለው መለሱ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ የጭቅጭቁ ሥርም ይኸው ነው። የሰው ካባ ለብሰህ ስትደንስ፣ ካባው የማን እንደሆነ አንድ ቀን ትጠየቃለህ። የሚያስደስተኝ ብዙ ደራስያን ክሱን መስማታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በወጡ የቢኤል ሥራዎች ገጸ ባሕርያቱ ለቤተሰብ ስለመናገር፣ በሥራ ቦታ ስለመደበቅ፣ ስለ ማርጀት ማሰብ ጀምረዋል።

አበቦቹ

የሴቶቹ ፍቅር መንገድ ሌላ ነው፤ ከማንጋም ይቀድማል። ከ1916 ጀምሮ ዮሺያ ኖቡኮ የተባሉ ደራሲ በአንድ የልጃገረዶች መጽሔት ላይ በአበቦች ስም የተሰየሙ አጫጭር ልብወለዶች አወጡ፤ በጠቅላላው ከ50 በላይ ናቸው። በአዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ለሌላዋ ያላት የሚያቃጥል ናፍቆት ነው ታሪኩ። ያኔ ይህ ግንኙነት "ኤስ" ይባል ነበር፤ እህት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል። ወላጅም መምህርም ብዙ አይደነግጡበትም ነበር፤ ባል ሲመጣ የሚለቅ የልጅነት ጉንፋን ተደርጎ ይታይ ስለነበር ነው።

ማንጋው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የመጣው ሞት ነው። የያማጊሺ ርዮኮ የ1971 ሥራ፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የሴቶች ፍቅር ማንጋ የሚሉት፣ አንዷ ሞታ ሌላዋ ብቻዋን ስትቀር ያበቃል። "ዩሪ" የሚለውን ስም፣ ትርጉሙ ሊሊ የተባለችው አበባ ነው፣ በ1976 ያስለመዱት ኢቶ ቡንጋኩ ናቸው። የሚያዘጋጁት የጌይ ወንዶች መጽሔት ስሙ ከጽጌረዳ የተወሰደ ስለነበር፣ ለሴት አንባቢዎች ለከፈቱት ዓምድ ሊሊን መረጡ። ለዩሪ ብቻ የቆመ መጽሔት እስኪመጣ ግን እስከ 2003 መጠበቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ ወደምወደው መጽሐፍ ልሂድ። ናካታኒ ኒዮ ከ2015 እስከ 2019 ያወጡት፣ ስምንት ቅጽ ያለው፣ በእንግሊዝኛ "ብሉም ኢንቱ ዩ" የሚባለው ነው። የወጣበትን መጽሔት ልብ በሉ፤ ዴንገኪ ዳይኦ፣ አንባቢው በብዛት ወንድ የሆነ። ዩ የመጽሐፍ መደብር ያላቸው ወላጆች ልጅ ናት። የፍቅር ዘፈኖች ስትሰማና የልጃገረዶች ማንጋ ስታነብ ነው ያደገችው፤ ቃላቱ ይገቧታል፣ ስሜቱ ግን አይመጣላትም። አንድ ጓደኛዋ የነበረ ልጅ እወድሻለሁ ሲላት፣ ከመሬት ከፍ ብላ የምትበር መስሏት ጠበቀች። ምንም። እግሯ መሬቱን እንደረገጠ ነው። መልስ ሳትሰጠው ሳምንታት ያልፋሉ።

አዲሱ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ቶኮ የምትባል፣ ሁሉ የሚያደንቃት ተማሪ አለች፤ እሷም ለጠየቋት ሁሉ እምቢ ትላለች። ዩ "እንደ እኔ ናት" ብላ ትጠጋታለች። ለልጁ እምቢታዋን በስልክ ስትነግረው ቶኮ አጠገቧ ቆማ እጇን ትይዝላታለች። ስልኩ ይዘጋል፤ እጁ ግን አይለቀቅም። ቶኮ አንቺን ሳልወድሽ አልቀርም ትላለች። ዩ ፊቷ ላይ የሚነበበው ደስታ አይደለም፤ ብቻዋን የመቅረት ድንጋጤ ነው። እንደ እኔ ናት ያለቻት ሰው በረረች፤ እሷ አሁንም መሬት ላይ ናት። ቶኮ ደግሞ የወደደቻት በምክንያት ነው፤ ዩ ማንንም ስለማትወድ። ራሷን የምትጠላ ሰው፣ የሚወዳትን ሰው እንዴት ታምናለች? ስለዚህ "ውደጂኝ" ሳይሆን "እንዳትወጂኝ" ትላለች። ስምንቱ ቅጽ የሚሄደው በዚህች አንድ ቋጠሮ ነው፤ ዩ ቀስ እያለች ስትለወጥና የተለወጠችውን ስትደብቅ።

ይህን ለመንገር ናካታኒ ብዙ ጊዜ ቃል አይጠቀሙም። የማንጋ ገጽ ሥዕሎቹ በሚገቡባቸው ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው፤ ባዶ ሳጥንም አንዱ መሣሪያው ነው፤ ንግግሩ ያልቅና ቀጥሎ እጅ ብቻ፣ ጫማ ብቻ፣ ወይም ነጭ ወረቀት ብቻ ይመጣል። አማርኛ አንባቢ ቅኔን ለምዷል፤ ወርቁ ከሰሙ ስር ነው። እዚህ ወርቁ ያለው በሁለት ሳጥኖች መካከል ባለችው ነጭ መስመር ላይ ነው።

"ሱኪ" በአማርኛ ስንት ነው?

በጃፓንኛ ፍቅርን መናገሪያው "ሱኪ" የሚል ቃል ነው። ማን፣ ማንን የሚለው ሊዘለል ይችላል፤ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። አማርኛችን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ አይሰጥም። "እወድሻለሁ" ስል የምነግራት ሴት መሆኗ ተዘርግፎ ይወጣል። የተናጋሪው ፆታ ግን አይታይም፤ "እወድሻለሁ" ያለው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይነግረንም። ስለዚህ የዩን ታሪክ ወደ አማርኛ ለመመለስ በጭንቅላቴ ስሞክር ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ፤ ግሱ ያለ ምንም ማስተካከያ እሺ አለኝ። ቋንቋው ቦታ ነበረው።

ሌላው አጠራር ነው። ዩ ቶኮን የምትጠራት በቤተሰብ ስሟ ላይ "ሰንፓይ"፣ ማለትም ቀዳሚ ተማሪ የሚለውን ጨምራ ነው። ለአሜሪካዊ አንባቢ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። አያቶቹ "አንቱ" ተባብለው ሲኖሩ ላየ ሰው ግን አያስፈልገውም፤ ከ"አንቱ" ወደ "አንተ" መውረድ ምን ያህል ደረጃ እንደሆነ እናውቃለን። ዩ መጨረሻ ላይ ቶኮን በስሟ ብቻ ስትጠራት እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ሻይ አፈላሁ።

በዚሁ ላይ አንድ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ ካማታኒ ዩህኪ ከ2015 እስከ 2018 በአራት ቅጽ የሠሩት፣ ሂሮሺማ ክፍለ ሀገር ውስጥ በደረጃዎቿና በድመቶቿ በምትታወቀው በኦኖሚቺ የባሕር ዳር ከተማ የሚካሄድ። ታሱኩ የሚባል ተማሪ በስልኩ ላይ የተገኘ ቪዲዮ ያጋልጠዋል፤ በጭንቀቱ መካከል የተተዉ ቤቶችን የሚያድሱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አንድ ክፍል ያገኛል። ማንም አይመክረውም፤ ግድግዳ እንዲያፈርስ መዶሻ ይሰጡታል። ካማታኒ ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው አይጠሩም። ለሌሎቹ ደራስያን እዚህ የተጠቀምኩት አንቱታ ለአክብሮት ብቻ ነው፤ ለካማታኒ ግን ሌላም ሥራ ይሠራል። እንግሊዝኛ ለዚህ ስንት ጭቅጭቅ ሲያነሳ፣ እኛ ከድሮም መፍትሔው አፋችን ላይ ነበረ።

ባቡር ላይ የሚነበበው

እስካሁን ያልነው በአብዛኛው የሴት ልጆችና የወጣቶች በር ነው። አሁን ጃፓናዊው አባወራ ከሥራ ሲመለስ ወደሚያነበው መጽሔት እንሂድ።

ታጋሜ ገንጎሮ ለዓመታት ለጌይ ወንዶች መጽሔቶች፣ ለአዋቂ ብቻ የሚሆን ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። በ2014 ግን አክሽን በሚባለው ወርኃዊ የወንዶች መጽሔት ላይ "የወንድሜ ባል"ን ጀመሩ። ያይቺ ልጁን ካናን ብቻውን የሚያሳድግ አባት ነው። አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ጺማም፣ እንደ በር የሚያህል ካናዳዊ ቆሟል፤ ማይክ፣ የሟች መንትያ ወንድሙ ባል። ማይክ ሟቹን የመሰለ ፊት ሲያይ አቅፎት ያለቅሳል።

ታጋሜ እዚህ ላይ የሚጠቀሙት ዘዴ ቀላልና ጨካኝ ነው። በአንድ ሳጥን ያይቺ አስጸያፊ ቃል ይጮሃል፤ በሚቀጥለው ሳጥን ጨዋ ፊቱን አስተካክሎ "ግባ" ይላል። የመጀመሪያው በጭንቅላቱ ውስጥ የሆነ ነው። ይህን የማያውቅ ይሉኝታ ያሳደገው ሰው የለም። አፋችን እንግዳ ሲቀበል ሆዳችን ምን እንደሚል እናውቃለን። ያይቺ ክፉ ሰው አይደለም፤ አስቦበት የማያውቅ ሰው ነው፣ እንደ መጽሔቱ አንባቢ። ካና ግን ሕፃን ናት፤ ከእናንተ ሚስቱ ማን ነበር ብላ ትጠይቃለች። ማይክ ሚስት አልነበረንም፣ እኔ የእሱ ባል፣ እሱም የእኔ ባል ነበር ይላታል። እሺ ብላ ወደ ምግቧ ትመለሳለች። ሥራው በ2018 በአሜሪካ ለሥዕላዊ ታሪኮች የሚሰጠውን የአይስነር ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት በጃፓን የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ።

ሁለተኛው የዮሺናጋ ፉሚ "ትናንት ምን በላህ?" ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ሞርኒንግ በተባለ የአዋቂ ወንዶች ሳምንታዊ ላይ የሚወጣ። ሺሮ ጠበቃ ነው፣ ኬንጂ ፀጉር አስተካካይ። ሺሮ በሰዓቱ ከቢሮ ይወጣል፣ ሱፐርማርኬት ገብቶ የዋጋ ቅናሽ ያድናል፣ ቤት ገብቶ ያበስላል። መጀመሪያ ላይ የሁለቱ የወር አስቤዛ 25,000 የን ነው፤ ከእሷ እንዳያልፍ ይጨነቃል። አንድ ቀን ሙሉ ሐብሐብ ለሁለት ሰው ስለሚበዛ ሱቅ ውስጥ ካገኛት የማያውቃት የቤት እመቤት ጋር ተካፍሎ ይገዛል፤ ጓደኝነታቸውም ከዚያ ይጀምራል። መጽሐፉ የአሠራሩን ደረጃ ስለሚናገር አብስሎ መብላት ይቻላል። ገጸ ባሕርያቱ ከአንባቢው ጋር ያረጃሉ፤ ሺሮ ሲጀመር አርባዎቹ መግቢያ ላይ ነበር፣ አሁን ስድሳን አልፏል። ከምወዳቸው ሁሉ ይበልጥ የምወደው ይህን ነው። የፍቅር ቃል ይለዋወጣሉ ብለው ከጠበቁ ያዝናሉ። በምትኩ ሽንኩርት ይከተፋል።

ጉዲፈቻ

ከሺሮ ሥራ የተነሳ ሕጉም በጨዋታ መሐል ይገባል። ወዳጃቸው የሆነ ጎልማሳ፣ የትዳር ያህል አብሮት የሚኖረውን ሰው በጉዲፈቻ ልጁ ማድረግ እንደሚችል ምክር ይጠይቀዋል። ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው። በጃፓን ግን አዋቂ አዋቂን በጉዲፈቻ ሊወስድ ይችላል፤ ወሳጁ በአንድ ቀንም ቢሆን መብለጥ አለበት። ስም ይወረሳል፣ ሀብት ይወረሳል፣ ሆስፒታል ውስጥ "ምኑ ነህ?" ሲባል መልስ አለ። ጋብቻ ለተከለከላቸው ጥንዶች ይህ አንዱ የጎን በር ሆኖ ኖሯል።

በአበቦች ስም ልብወለድ ይጽፉ የነበሩትን ዮሺያ ኖቡኮን አስታውሱ። ከሞንማ ቺዮ ጋር ሃምሳ ዓመት ገደማ አብረው ኖረዋል። በ1957 ዮሺያ ሞንማን በጉዲፈቻ ልጃቸው አደረጉ። በሦስት ዓመት ግድም የሚበላለጡ ናቸው፤ ሁለቱም በዚያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበሩ። ለተማሪዎች "ባል ሲመጣ የሚለቅ ጉንፋን" የተባለው ነገር፣ ጸሐፊዋን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1973 ድረስ አልለቀቃቸውም።

ጃፓን አሁንም በአገር አቀፍ ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የላትም። ከ2015 ጀምሮ፣ ከቶኪዮዎቹ ሺቡያና ሴታጋያ ተነስቶ፣ ብዙ አስተዳደሮች የአጋርነት ወረቀት ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ውርስ አያስወርስም። በ2021 የሳፖሮ አውራጃ ፍርድ ቤት ጋብቻ መከልከሉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ፤ በ2024 የዚያው ከተማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጸናው።

ወደ ማዕድ ቤቱ ልመለስና ላብቃ። ሰባተኛው ቅጽ ላይ ሺሮ በአዲስ ዓመት ኬንጂን ወደ ወላጆቹ ቤት ይዞት ይሄዳል። በኋላ ነገሩ ለእናቱ ከብዷቸው፣ ዳግመኛ ይዘኸው አትምጣ መባሉ አይቀርም። በዚያች ምሽት ግን ይህ ገና አልመጣም። አብረው በልተዋል፣ የልጅነት ፎቶ ታይቷል፣ ጨልሞ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው። ኬንጂ መንገድ ላይ ያለቅሳል። ከፍቅረኛዬ ወላጆች ጋር ገበታ እቀርባለሁ ብዬ አልሜም አላውቅ፣ አሁን ብሞት አይቆጨኝም ይላል።

ሺሮ ይቆጣዋል። ምን ሞት ሞት ያሰኝሃል፣ ይለዋል፤ ይልቅ ዘይቱንና ስኳሩን እንቀንስ፣ ጨዉንም፤ ገና ብዙ አብረን እናረጃለን።